የኦኒ ሳህን

ስምንት ዓመት በሞላኝ በጋ የሞተ ሰው ስቀልብ ከረምኩ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላየኝም። ከምሳዬ ላይ ቋሊማ፣ የተቀቀለ ድንች፣ አንዳንዴም እናቴ ለእሑድ የጋገረችውን ጣፋጭ ዳቦ በቀሚሴ ኪስ ሸሽጌ ወደ ሐይቁ እወርድና አንድ በአንድ ውሃው ውስጥ እጨምር ነበር። ዛሬ ለልጆቼ ስነግራቸው በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ያን በጋ ግን ጭንቀት እንጂ ሳቅ አልነበረኝም።

አያቴ ሲሞት በሳርኪ ሐይቅ ዳር የነበረውን መሬት ለሁለት ልጆቹ አካፍሎ ነበር፤ ግማሹ ለአባቴ ለታውኖ፣ ግማሹ ለታላቅ እህቱ ለአክስቴ ለሄልቪ። አክስቴ በረዶ ጣለ ፀሐይ ወጣ እዚያው ናት። እኛ ከላህቲ ከተማ የምንመጣው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። አባቴ የአውቶቡስ ሜካኒክ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አውቶቡስ ሥር ተንጋሎ የሚያልመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነጭ አሸዋ ያለው የራሱ ዳርቻ። ከመጽሔት የቆረጠው ሥዕል ማቀዝቀዣችን ላይ ተለጥፎ ነበር፤ አሸዋ፣ ጃንጥላ፣ የምትስቅ ልጅ። ልጅቷ እኔ መሆኔ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሕልሙ ደረሰለት። ካሌርቮ የሚባል፣ የመቆፈሪያ ማሽን ያለው ጎረቤታችን መጥቶ በእኛ በኩል ያለውን ሸምበቆ ከነሥሩ ነቅሎ ወሰደው። ዛፎቹ ተቆረጡ፣ ሦስት መኪና አሸዋ ተገለበጠ፣ ከቤቱ በር እስከ አሸዋው ድረስ ሣር ተዘራ። አባቴ ሣሩን በየሳምንቱ ያጭደዋል፤ ካጨደው በኋላ ደግሞ ቶሎ እንዲያድግ ማዳበሪያ ይበትንበታል። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ እናቴ አንድ ቀን ጠይቃው ነበር፤ እስካሁን መልሱን እየጠበቀች ነው።

ከእኛ ሣር ቀጥሎ የአክስቴ ሄልቪ ግዛት ይጀምራል። የእኛ ዳርቻ እሑድ ጠዋት የተላጨ አገጭ ሲመስል የእሷ ያልተበጠረ ጢም ነው። ሸምበቆው ከሰው ይረዝማል፣ ዛፎቹ ውሃው ላይ ተደፍተዋል፣ ወደ ጀልባዋ የሚወስደው መንገድ እየተጠማዘዘ ስለሚወርድ ከቤቷ ሆኖ ሐይቁን ለማየት አንገት ማስረዘም ያስፈልጋል። አክስቴ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎማ ጫማ ከእግሯ የማይጠፋ፤ ስትስቅ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኔ ሰነፍ ናት ብዬ ነበር የማስበው። ሣር የማያጭድ ትልቅ ሰው ያየሁት እሷን ብቻ ነው።

ነገር ግን ሰነፍ እንዳልሆነች ምንጣፍ ሲታጠብ አየሁ። በእኛ አገር ሐምሌ ሲገባ ሴቱ ሁሉ ከጨርቅ ቁራጭ የተሸመነውን ምንጣፍ ተሸክሞ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ውሃው ላይ በተሠራው የእንጨት መድረክ ተንበርክኮ፣ ከጥድ የተሠራ ሳሙና እየቀባ በብሩሽ መፈግፈግ ነው። ሽታው ደስ ይላል። አረፋው ነጭ ጀልባ መስሎ ይሄዳል፤ እኔና እናቴ የማን አረፋ ሩቅ እንደሚሄድ እንወዳደር ነበር። ሳሙናው ከዛፍ የተሠራ ስለሆነ ሐይቁ የሚወደው ነበር የሚመስለን። አክስቴ ግን ከሐይቁ በባልዲ እየቀዳች፣ ያን ጠመዝማዛ ዳገት ስድሳ እርምጃ ወጥታ፣ ከእንጨት ማከማቻዋ ጀርባ ሣር ላይ ታጥባለች። ሠላሳ ባልዲ፣ አርባ ባልዲ።

ካሌርቮ ከመንገድ ላይ ሲያያት አያልፋትም።

“ሄልቪ፣ ሐይቁ እኮ እታች ነው። ጠፋብሽ እንዴ?”

“አልጠፋብኝም። ሳሙናው እንዳያገኘው ነው የምደክመው።”

“ወገብሽ ሲቆረጥ ለሐኪሙ እንዲህ ብለሽ ንገሪው።”

“ሐኪሙም ሐይቅ ዳር ነው ቤቱ። ለእሱም የምነግረው አለኝ።”

ዛሬ የእሷ ቤት ባለቤት እኔ ነኝ፣ ባልዲውም የእኔ ነው። ሊጠይቀን የሚመጣ እንግዳ ሻምፖ ይዞ ወደ ውሃው ሲወርድ ካየሁ ከኋላው እሮጣለሁ፤ ልጆቼ “የሳሙና ፖሊስ” ይሉኛል። ያኔ ግን አክስቴ የምትሸከምበት ምክንያት ሌላ መስሎኝ ነበር። ሳሙናው አጎት ኦኒ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አጎት ኦኒ የአክስቴ ባል ነው፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። ሐይቁ ውስጥ መሆኑን የነገረኝ የለም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። አንድ ምሽት ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ እናትና አባቴ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ ከደረጃው ሥር ድንጋይ እለቅም ነበር።

“ኦኒ ከሞተ ጀምሮ አንድም ቀን ሐይቁን ጥላ ሄዳ አታውቅም” አለች እናቴ። “ለገና እንኳ ከተማ ነይ ብትባል እምቢ አለች።”

“ሸምበቆውን ለምን እንደማትቆርጠው ታውቂያለሽ? ኦኒ እያለ ማንም አልነካውም፣ አሁንም ማንም አይነካውም አለችኝ። እኔን፣ ወንድሟን።” አባቴ ድምፁ ተቆጥቶ ነበር። “ወረቀቱ ላይ ከፈረመች እህቴ ናት። ካልፈረመች ጎረቤቴ ናት። አለቀ።”

ወረቀቱ ካሌርቮ ያመጣው ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ማሽኑን ይዞ ሲመለስ በአክስቴ በኩል ያለውንም ሸምበቆ ነቅሎ፣ ዳርቻው ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸዋ እንዲሆን ነበር የታሰበው። በእሷ መሬት ፊት ስለሆነ ያለ ፊርማዋ አይነካም። ይህን ጉዳይ በደንብ ገብቶኝ ነበር። ሸምበቆው ውስጥ አጎት ኦኒ አለ፤ ማሽኑ ከመጣ ያወጣዋል።

አሁን ላስተካክለው። ኦኒ የሞተው በእንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ፣ በምሳ ሰዓት፣ ፒፓውን እየሞላ ሳለ ልቡ ቆሞ ነው። የተቀበረው ከሐይቁ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ነው። በየዓመቱ መቃብሩ ላይ ሻማ አበራለሁ። ማንም ያልነገረኝ ማንንም ስላልጠየቅሁ ነው።

እሑድ እሑድ ጠዋት አክስቴ በጀልባ ትወጣ ነበር። እኔ በሁለቱ መሬቶች ድንበር፣ ሸምበቆው የሚጀምርበት ቦታ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። እየቀዘፈች ሁልጊዜ አንድ ቦታ ትደርሳለች፤ መቅዘፊያውን ታነሳለች። ከቅርጫቷ ጥቁር ዳቦ ታወጣለች። ከዚያ ነጭ ሳህን። ሳህኑ በገመድ ታስሯል፣ ገመዱ ላይ ቀይ ቋጠሮዎች አሉ። ሳህኑን ቀስ አድርጋ፣ ሕፃን እንደምታስተኛ ሁሉ፣ ውሃው ውስጥ ታወርደዋለች። ጎንበስ ብላ ታየዋለች። ትጠብቃለች። ከዚያ ስትስበው ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይወጣል፣ ጥርግ ብሎ ነጭ። ከኪሷ ደብተር አውጥታ አንድ ነገር ትጽፋለች፤ የሚቀጥለው እሑድ ምን እንደሚፈልግ ነግሯት ይሆናል አልኩ። ዳቦዋን እየበላች ትመለሳለች፤ የተረፈውን።

ፍርሃት አልተሰማኝም፤ እንዲያውም በጣም ነበር የገረመኝ። እናቴ አባቴን የምትወደው ይመስለኛል፤ ግን ቢሞት በየሳምንቱ ምግብ በገመድ የምታወርድለት አይመስለኝም ነበር።

ሳህኑ ሳህን አልነበረም። የውሃ ጥራት መለኪያ ነው፤ ነጭ ቀለም የተቀባ ክብ ብረት። ከዓይን እስኪሰወር ይወርዳል፣ ሲሰወር ቋጠሮው ይቆጠራል። ስለ ውሃ የሚያጠና አንድ መሥሪያ ቤት ሐይቅ ዳር ለሚኖሩ ሰዎች ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ በእኛ ሐይቅ አራት ሰዎች መለኪያውን ተቀበሉ፣ ሦስቱ በሁለተኛው ዓመት ተሰላቹ። አክስቴ ሃያ ስድስት ዓመት ለካች። ዝናብ ሲሆን በዝናብ ልብስ፣ እጇ በተሰበረበት ዓመት ካሌርቮን ለምና እያስቀዘፈች። ደመወዝ የለውም፣ የምስክር ወረቀት እንኳ አልሰጧትም። ዳቦው ቁርሷ ነው።

እንግዲህ ቋጠሮውን እኔም መቁጠር ጀመርኩ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሰባት ቋጠሮ ይወርድ ነበር። በሰኔ ማብቂያ በሚከበረው የዮሐንስ በዓል ሳምንት ስድስት። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደግሞ አራት ላይ ቆመ። አክስቴ ሳህኑን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ደግማ አወረደችው፤ አራት ነው። ደብተሩን ይዛ ሳትጽፍ ብዙ ቆየች። ፊቷ ከሩቅ እንኳ ጥሩ እንዳልሆነ ያስታውቅ ነበር።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነው። አጎት ኦኒ ሳህኑን የሚቀበለው በየሳምንቱ ከፍ ብሎ ነው። ርቦት ወደ ላይ እየወጣ ነው። በሳምንት አንድ ሳህን ምን ይሆነዋል? ለአንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም የእንጨት ፋብሪካ ሠራተኛ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መዋኘት ተውኩ፤ አባቴ ባሠራልኝ አሸዋ ላይ ቆሜ እግሬን እንኳ አላስነካም። ሥዕሉ ላይ ያለችው ልጅ እንድሆን የለፋው አባቴ ተናደደ።

“ምን ሆነሽ ነው? ውሃው ሞቅ ብሏል እኮ።”

“ሆዴን አሞኛል።”

“ሦስት ሳምንት ሙሉ?”

ሆዴማ ባዶ ነበር። ምሳዬን እየቆጠብኩ ለአጎት ኦኒ መላክ ጀምሬያለሁ፤ ጠግቦ ታች እንዲቀመጥ። ቅቤ የተቀባ ዳቦ፣ የድንች ቁራጭ፣ ግማሽ ቋሊማ፣ አንድ ቀን ደግሞ የጫካ እንጆሪ በቅጠል ጠቅልዬ። አሣዎቹ ሳይቀድሙኝ ብዬ ሸምበቆው ሥር እየጨመርኩ “በእናትህ አትውጣ” እለው ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ቅዳሜ ቅዳሜ የማየው ነገር ነበር። ሳውናው፣ በእንጨት እሳት የሚሞቀው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ የአክስቴ ነው፤ ከአያቴ ዘመን ጀምሮ ሁለቱ ቤቶች ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ላይ የሚታጠቡት እዚያ ነው። በዚያ በጋ አባቴ የራሱን ሠርቶ ነበር፤ ከእሱ ወጥቶ ሮጦ ሐይቁ ውስጥ እየገባ ፀጉሩን በሻምፖ ይታጠባል። አክስቴ ግን በየቅዳሜው ለሁሉም በሚበቃ ሙቀት ታነድዳለች። ውሃ ትሞላለች፣ በእንፋሎቱ ውስጥ ሰውነት የሚመታበትን የቅጠል እቅፍ ለአራት ሰው ታዘጋጃለች። ከዚያ ደረጃው ላይ ፎጣዋን ተከናንባ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ወደ እኛ ቤት አታይም፣ ወደ መንገዱ ነው የምታየው። ማንም አይመጣም። አባቴ ይህን ከመስኮት አይቶ መጋረጃውን ሲዘጋ አይቼዋለሁ።

በሐምሌ የመጨረሻው እሑድ ሦስት ቋጠሮ እንኳ አልሞላም። ከተደበቅሁበት መውጣቴን ሳላውቅ ጀልባዋን ስታስር ፊቷ ቆሜ ተገኘሁ።

“ሰኔ ላይ ሰባት ነበር” አልኳት።

አክስቴ ገመዱን ይዛ ቀረች። “ስትቆጥሪ ከርመሻል?”

“አዎ።”

“አንቺ ልጅ። ካንቺ በቀር አንድም ሰው አልቆጠረም።” ጭንቅላቴን ዳበሰችኝ፤ እጇ ውሃ ውሃ ይሸታል። ከዚያ ለልጅ ሳይሆን ለእኩያዋ እንደምትናገር ሁሉ፣ “ሐይቁ ከልክ በላይ በላ፣ ራውና” አለችኝ። “ከየዳርቻው የሚወርድበት ምግብ በዛ። ሐይቅ በረሃብ አይታመምም፣ በጥጋብ ነው የሚታመመው።”

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስህተት ሠርቻለሁ። ምግቡ ነው ያሳመመው፤ ምግቡን የጨመርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሮጬ ሄድኩ።

አራት ቀን ምግብ አልጣልኩም፤ ራሴም ብዙ አልበላሁም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ነፋስ በሌለበት ሙቀት፣ ሐይቁ አረንጓዴ ሆኖ አደረ።

አረንጓዴ ስል ቅጠልያ ማለቴ አይደለም። አንድ ሰው በርሜል ሙሉ የአጥር ቀለም የደፋበት ይመስል ነበር፤ ወፍራም፣ ዝም ያለ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ሰማያዊ ቆዳ ያወጣ። ሁለት አሣ ሆዳቸውን ገልብጠዋል። ሽታው እንደ ቆየ የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ነው። የአባቴ ነጭ አሸዋ ጫፉ አረንጓዴ መስመር ተሰምሮበታል። አባቴ የውስጥ ሱሪና ካናቴራ ለብሶ እዚያ ቆሟል፤ እንደዚያ ያሳዘነኝ ጊዜ ብዙ የለም። ዛሬ ያ አልጌ እንደሚባል፣ ከብቱንም ውሻውንም እንደሚያሳምም ማንም ያውቃል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ይለጥፋል። ያኔ ሐይቃችን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው አልነበረም።

ካሌርቮ ማሽኑን ተጎታች ላይ ጭኖ የመጣው በዚያው ጠዋት ነው። ቀጠሯቸው ነበር። ወርዶ ውሃውን አየ፣ አፍንጫውን ያዘ።

“ከሸምበቆው ነው” አለ። “ውስጡ የበሰበሰው ሁሉ ነው የወጣው። ስንት ዓመት ነገርኳት።”

“ነው” አለ አባቴ። “ሌላ ከምን ይመጣል?”

አክስቴ ዳገቱን ዞራ በእኛ ሣር በኩል መጣች። ንጹሕ ሽርጥ አድርጋለች። ውሃው ዳር ቆማ ብዙ አየች፤ ጎንበስ ብላ በመዳፏ ዘገነችና መልሳ ለቀቀችው። እናቴ ወንበር አቀረበችላት፤ አልተቀመጠችም። አባቴ ቤት ገብቶ ልብሱን ለብሶ ያመጣውን ወረቀት የሽርሽር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን አኖረበት።

“አሁንስ አየሽ?” አላት።

“አየሁ።”

“እንግዲህ ይቆረጥ። ሌላ ምን ቀረ?”

አክስቴ እስክሪብቶውን አነሳች። እኔ ያኔ ስሟን ለመጻፍ የተቸገረች መስሎኝ ነበር። ያን ያህል የቆየችው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ በረዶው ሲቀልጥ በስልክ ነግራው ተጣልተዋል። አሁን በካሌርቮ ፊት ብትደግመው ወንድሟን ታዋርደዋለች። ዝም ብላ ብትፈርም ሸምበቆው ይሄዳል፣ ወንድሟ ይመለሳል።

“ታውኖ” አለች ወረቀቱን እያየች። “ብፈርም ቅዳሜ ሳውና ትመጣለህ?”

አባቴ ጫማውን አየ። “እመጣለሁ።”

ጎንበስ አለች። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ስትጀምር አየሁ። ማሽኑ እዚያ ቆሟል፣ አጎት ኦኒ እዚያ ተኝቷል፤ በእኔ ጥፋት ሊያወጡት ነው።

“ከሸምበቆው አይደለም” አልኩ። “እኔ ነኝ።”

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

“እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ምግብ ስጨምርበት ነበር። ቋሊማ ጨመርኩ፣ ድንች ጨመርኩ፣ እናቴ የጋገረችውን ዳቦም። ቅቤውን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። አጎት ኦኒን እርቦት እየወጣ ነው ብዬ ነው። አክስቴ በሳህን የምትሰጠው አልበቃው ብሎ ነው ብዬ። ሸምበቆውን አትቁረጡት፣ እሱ ምንም አላደረገም።”

ካሌርቮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አክስቴ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ሣሩ ላይ ተንበረከከችና ትከሻዬን ያዘች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቷል።

“ኦኒን ነው ስትቀልቢ የከረምሽው?”

“ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲወጣ አይቼ።”

“የኔ ልጅ፣ ኦኒ ቋሊማ አይወድም ነበር” አለችና እቅፍ አደረገችኝ።

አባቴ አልሳቀም። በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሬ አየሁት። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል። ውሃውን አየ፣ ሣሩን አየ፣ ወደ መሣሪያ ቤቱ ግድግዳ አየ፤ እዚያ ባዶ ጆንያዎቹ ተደርድረዋል። ከዚያ እኔን አየኝ።

“ራውና፣ አንቺ አይደለሽም” አለ።

“እኔ ነኝ። ሐይቁ ከልክ በላይ በላ ብላኛለች።”

“በልቷል። ያበላሁት እኔ ነኝ።” በእጁ ወደ ጆንያዎቹ አመለከተ። “ዘንድሮ አሥራ ሁለት ጆንያ ማዳበሪያ እዚህ ሣር ላይ በትኛለሁ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወደ ታች ወረደ። መንገድ ላይ የሚያስቀረው ሸምበቆ ነበር፤ እሱን ደግሞ አምና ነቅዬ ጥያለሁ። ሄልቪ ነግራኛለች። ሰማኋት፣ ግን አሸዋውን ፈለግሁት።”

አባቴ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልሰማሁትም።

“ታውኖ፣ ለልጅ ብለህ አሁን” ብሎ ጀመረ ካሌርቮ።

“ካሌርቮ፣ ማሽንህን ይዘህ ሂድ። የነዳጅህን እከፍላለሁ።”

ወረቀቱን አጠፈው፣ እንደገና አጠፈው፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው። አክስቴ ከሣሩ ላይ ተነሳች፤ ጉልበቷን አራገፈች።

“አሥራ አራት ነው” አለችው።

“ምኑ?”

“ጆንያው። አሥራ ሁለት አይደለም፣ አሥራ አራት ነው።”

አባቴ ዞሮ ጆንያዎቹን ቆጠረ። “አሥራ አራት” አለ።

ቅዳሜ ሁላችንም ወደ እሷ ሳውና ሄድን። አባቴና አክስቴ ላይኛው እርከን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በጋሉት ድንጋዮች ላይ ውሃ የሚያፈሰው እሱ ነበር፤ “ይበቃል” የምትለው እሷ። በእኛ አገር ከዚህ የበለጠ እርቅ የለም። ሐይቁ ግን እንደ ሰው ቶሎ አይታረቅም። አባቴ ዳርቻውን ማጨድ ትቶ፣ አሸዋውን ለሸምበቆው ለቆ፣ ውሃው ሰባት ቋጠሮ እስኪደርስ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። አክስቴ ያን እሑድ ደብተሯን ይዛ እየሮጠች መጥታ የአባቴን መስኮት አንኳኳች። የስልሳ ሰባት ዓመት ሴት ስትሮጥ ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። አባቴ በዚያ ጠዋት የተናገረውን አላመንኩትም ነበር። ጆንያው፣ ዝናቡ፣ ሸምበቆው፣ ሁሉም ለእኔ ብሎ የፈጠረው ነው ያልኩት። ካሌርቮ እየሳቀብኝ ስለነበር ጥፋቴን ወስዶ ራሱ ላይ ጫነው፤ ዋሸልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አባቴን በዚያ ውሸት ምክንያት ወደድኩት። የክፍል ጓደኞቼ አባቶቻቸው የገዙላቸውን ሲያወሩ እኔ በልቤ፣ አባቴ ለእኔ በሰው ፊት ዋሽቷል እል ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ከአክስቴ ጋር ጀልባ ላይ ሆነን ይህንኑ ነገርኳት። መቅዘፏን አቆመች።

“ታውኖ ዋሸ ነው ያልሽው?”

“ለእኔ ብሎ።”

“እያንዳንዷ ቃል እውነት ናት እኮ” አለችኝ። “ሁለት ጆንያ ብቻ ነው ያጎደለው፤ እሱንም አስተካከልኩለት።”

መቅዘፊያውን ተቀብያት ወደ ዳር ቀዘፍኩ። ለልጁ የሚዋሽ አባት በየቤቱ አለ፤ እኔም እናት ሆኜ ስንቴ ዋሽቻለሁ። አባቴ ያደረገው ከዚያ የከበደ ነበር፤ ልጁ በሐሰት ራሷን ስትከስ ሰምቶ፣ እህቱ ዝም ልትልለት እስክሪብቶ ይዛ እያየ፣ ዝም ቢል ማንም ሳያጋልጠው ሁሉን ሊያገኝ ሲችል፣ እውነቱን ተናገረ። ወደ ቤት ስገባ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ መነጽሩን እየጠረገ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምን እንደምለው ስላላወቅሁ ጨው አቀብለኝ አልኩት፤ አቀበለኝ።